ሥዕልሽን ለጨረታ ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር ለራት ዝግጅቱ አንድ ሥዕል እንድትለግሺ ጠይቆሻል። «ልስጥ ወይ? ብሰጥስ ዋጋው ከታክስ ይቀነስልኛል?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ አሥራ ምናምን ዓመት ሥዕል ስሰጥ ቆይቻለሁ። ስጪ። ግን መነሻ ዋጋው በጽሑፍ ሳይቀመጥ ሥዕልሽ ከቤት እንዳይወጣ።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። መጀመሪያ የሰጠሁት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን የሳልኩበትን ነው። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ጨረታው ሳይለንት ኦክሽን የሚሉት ዓይነት ነበር። ከዕቃው ፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀመጣል፣ የፈለገ ሰው ስሙንና ዋጋውን ይጽፋል። ሥዕሌን ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ጠረጴዛ ላይ አጋድመውታል። በአንድ ጎኑ የማሳጅ ኩፖን፣ በሌላው የቡና ስኒ የሞላበት ቅርጫት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ብቻ ነበር። በ85 ዶላር ሄደ። የዚያን ምሽት የራቱ ትኬት 100 ዶላር ነው።

የገዛውን ሰውዬ አልተቀየምኩትም። ደስ ብሎት ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ያመመኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያንኑ የሚያህል ሥዕል በ900 ዶላር ልትገዛኝ የነበረች ደንበኛዬ «እንዴ፣ ያኛው በ85 ተሸጦ የለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለትምህርት ቤቱስ ቢሆን 85 ዶላር ምን ያህል ይጠቅመዋል?

ከዚያ ወዲህ እቤቴ ከምሸጥበት ዋጋ ግማሽ በታች አላስጀምርም። መነሻው ካልተገኘ ሥዕሉ ይመለስልኛል። ይህን በኢሜይል አጽፋቸዋለሁ። አዘጋጆቹ አብዛኞቹ ከሥራ በኋላ በነጻ የሚለፉ ሰዎች ናቸው። ክፋት የላቸውም፣ ካልነገርሻቸው ግን አያውቁትም። ሙሉውን መስጠትም ግዴታ አይደለም። እኩል ለእኩል ተካፍዬ የሰጠሁባቸው ዓመታት አሉ፣ ማንም አልተከፋም።

ከቻልሽ ደግሞ ሥዕልሽ መድረክ ላይ ወጥቶ ጮክ ተብሎ ይጫረቱበት። የኛ ሰው ጓደኛው እያየው ሲሆን እጁ ይፈታል። ሰዓቱን ጠይቂ። ራት ከተበላ በኋላ፣ ዘፋኙ ሳይጀምር ነው ጥሩው። አንዴ እስክስታው ከሞቀ መድረኩ ላይ ማን ምን እንደሚል የሚሰማ የለም።

ወደ ታክሱ ልምጣ፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነውና። ሥዕልሽ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ቢሆንም ታክስ ከሚከፈልበት ገቢሽ ላይ 1,000 ዶላር አታስቀንሺም። የአሜሪካ ሕግ የራሱን ሥራ ለሚለግስ ሰዓሊ የሚፈቅደው ያወጣውን ወጪ ብቻ ነው። ሸራው፣ ቀለሙ፣ ፍሬሙ። የደከምሽበት ሰዓት አይቆጠርም። በፈረንጆቹ ከ1969 ጀምሮ እንዲህ ነው። ያንኑ ሥዕል ካንቺ ገዝቶ ከዓመት በላይ ያቆየ ሰው ለሙዚየም ቢሰጠው ግን በገበያ ዋጋው ሊያስቀንስ ይችላል። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዲስተካከል ለኮንግረስ ረቂቅ ተደጋግሞ ቀርቦ ነበር፣ አላለፈም። ቀለሙንና ሸራውን ቀድመሽ በሥራ ወጪ አስገብተሽ ከሆነ ደግሞ ያችም የለችም፣ ሁለት ጊዜ አይቀነስም። ስለዚህ ለታክስ ብለሽ አትስጪ። ልብሽ ለልጆቹ ካዘነ ስጪ።

ገዢውም ቢሆን የሚያስቀንሰው ከሥዕሉ የገበያ ዋጋ በላይ የከፈለውን ብቻ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው ዋጋ ከሥዕሉ ጎን ተጽፎ እንዲቀመጥ ጠይቂ፣ ለእሱም ላንቺም ይበጃል። ማኅበሩ 501 ሲ 3፣ ማለትም ለሱ የተሰጠ ልገሳ ከታክስ የሚያስቀንስ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ መሆኑንም በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብተሽ እዪ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ሌላ ነገር። አንድ ጊዜ የለገስኩትን ሥዕል በዓመቱ ካላንደር ላይ ታትሞ ሲሸጥ አገኘሁት። የጠየቀኝ የለም። ሥዕሉን መስጠት የማባዛት መብቱን መስጠት አይደለም። ፈርመሽ ካላስተላለፍሽው መብቱ ያንቺው ነው። ለማስታወቂያ ፎቶውን ይጠቀሙበት፣ ከዚያ ውጪ ግን ይጠይቁኝ ብለሽ ኢሜይሉ ላይ ጨምሪ።

የማይሸጥልሽን፣ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣውን አትስጪ። ሰው የሚያውቅሽ በዚያ ነው። ማንጠልጠያ ሽቦውን ራስሽ አስረሽ፣ ከጀርባው ስምሽንና ስልክሽን ጽፈሽ አድርሺ። የገዢውንም ስም ጠይቂ። ባለፈው ዓመት የገዙኝ እናት ደውዬ ሳመሰግናቸው «ለልጄ ሠርግ ሌላ ሳልልኝ» አሉኝ።

የሥዕሉን መጠንና እስካሁን የሸጥሽበትን ዋጋ ጻፊልኝ፣ መነሻውን አብረን እንተምናለን።