ታጥቦ የሚመለሰው ነጭ

አንዲት የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነዋሪ ጽፋልኛለች። ግቢያቸው ኮንክሪት የተሞላው ከ3 ዓመት በፊት ነው፤ ላዩ ሊሾ ነው። ሮቶው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ሲታጠብ ይለቃል፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ፈረቃቸው ደርሶ ውሃ በመጣ ማግስት ደግሞ ይብሳል። ከሮቶው ማቆሚያ ብረት እግር ሥር ቡናማ መስመር ተነስቶ ወደ በሩ ይወርዳል። በኒም ዛፏ ጥላ ሥር፣ የጫት በርጫ በሚደረግበት ቦታ፣ ሌላ ቡናማ አለ። ባጃጁ የሚያድርበት ጥቁር ነው። ከሱቅ በሃይላንድ የሚሸጥ አሲድ ገዝታ ደፋችበት። አልለቅ ሲላት "ኃይል እንዲጨምር" ብላ በረኪና ጨመረችበት። ዓይኗን አቃጥሏት፣ እያሳለች ሮጣ ቤት ገባች። አንድ ግንበኛ ደግሞ "በዚህ አትድከሚ፣ ላዩ ላይ አዲስ ሊሾ እንደርብበት" ብሏታል።

እህቴ፣ አንቱ አልልሽም፤ ድሬ ነን። ግን ከእድፉ በፊት ስለ በረኪናው ልቆጣሽ። አሲድና በረኪና አይገናኙም። አንድ ላይም፣ ተከታትለውም፣ "ትንሽ ብቻ" ተብሎም አይገናኙም። ያሳለሽ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው። ሳንባ ያቃጥላል። ሜዳ ላይ ስለነበርሽ ነፋስ ወሰደልሽ። በሩ የተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ብታደርጊው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፊልኝም ነበር። ሳሉ ካልተወሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ አትጠብቂ።

ሃይላንዱንም ዛሬውኑ አንሺው። በዚህ ሙቀት ልጅ ከውጭ ሮጦ ገብቶ ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው። አሲድ በውሃ መጠጫ ጠርሙስ የሚሸጥ ባለሱቅ ምን ብዬ እንደምሰድበው አላውቅም።

ወደ ግቢሽ ልግባ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የያዘው ነጩ አይደለም። "ውሃ በመጣ ማግስት ይብሳል" ያልሽው ነው። እድፍ ፈረቃ አይጠብቅም። ፈረቃ የሚጠብቅ ከሆነ ከቧንቧው ጋር ጉዳይ አለው ማለት ነው። ግምቴን ልንገርሽ፦ ወይ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይ ከቆጣሪው ወደ ሮቶው የሚሄደው የተቀበረ ቧንቧ ኮንክሪቱ ሥር ያንጠባጥባል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሮቶው ቀን ላይ ቢፈስ ኖሮ እርጥቡን በዓይንሽ ታዪው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ይህን ነገር ሳስረዳ ልጆቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲጠነክር በጎን ኖራ ያመርታል። ኖራው እዚያው ኮንክሪቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ኮንክሪት ደግሞ ድንጋይ ይመስላል እንጂ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው። ከሥሩ ውሃ ሲያገኝ፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው ወደ ላይ ይስበዋል። ክሩ ጫፍ ላይ እሳት አለ፤ ሊሾሽ ጫፍ ላይ የድሬ ፀሐይ አለች። ፀሐይዋ ውሃውን በላች ቁጥር ከሥር ሌላ ይሳባል። ውሃው ሲወጣ ባዶ እጁን አይወጣም፣ ኖራውን አሟሙቶ ይዞ ነው የሚወጣው። ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ኖራው ይቀራል። ያ ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ካልሲየም ካርቦኔት ምንድን ነው? የኖራ ድንጋይ ነዋ! ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚያው ድንጋይ ነው። ከከተማችን ዙሪያ ከሚፈለጠው ድንጋይ ማለት ነው። ተፈልጦ ተቃጠለ፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ሆነ፣ ግቢሽ ገባ። አሁን ተመልሶ ድንጋይ እየሆነ ነው። አቦ፣ ይህ ሳያስቀኝ ያለፈ ቀን የለም።

የሻይ ማፍያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭም ዘመዱ ነው። የከርሰ ምድር ውሃችን ከባድ ስለሆነ ካልሲየሙን ራሱ ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ውሃ ከላይ ተንጠባጥቦ የደረቀበት ቦታ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ ከሥር የመጣው ዱቄት ሆኖ ይነሳል። አንቺ ዱቄት ብለሻል።

አሲዱ ለምን እንዳልሠራልሽ አሁን ይገባሻል። ነጩን አሟሟልሽ፤ እውነት ነው። ግን ሲሚንቶውንም በላው። ቀዳዳውን አሰፋው፣ አሸዋውን አወጣው፣ ክሩ ይበልጥ እንዲስብ አደረገው። ከዚህ በኋላ ያ አሲድ ግቢሽ ላይ አይፈስስም።

መጀመሪያ ምርመራ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በደረቀው ሊሾ ላይ አንጥፊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር በደንብ አሽጊው። ከምሽት እስከ ጠዋት ይደር። ጠዋት ፀሐይ ሳይመታው ግለጪው። የላስቲኩ ሆድ ላቦት ካገኘሽ ወይም ሊሾው ከጠቆረ እርጥበቱ ከሥር ነው። አንዱን ሮቶው አጠገብ፣ ሌላውን ራቅ ያለ ንጹሕ ቦታ ላይ አድርጊና አወዳድሪ።

ቀጥሎ ቆጣሪው። ውሃ በመጣ ቀን የሮቶውን መግቢያ ዝጊ፣ የቤቱንም ቧንቧ ሁሉ ዝጊ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን መዘውር 15 ደቂቃ ተመልከቻት። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃሽ መሬት እየጠጣው ነው። ካልዞረች ሮቶው ላይ ውጪና ውሃ ሲሞላ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ እዪ። ርካሹ ተንሳፋፊ ቶሎ ይዛባል፤ ኳሱ ውሃ ይጠጣና ይሰምጣል፣ ወይም መዝጊያው በኖራ ይጋገራል። ሌሊት ሌሊት ሞልቶ ፈስሶ፣ ጠዋት ስትነሺ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ሳይቆም እድፉን አትንኪው፤ ድካም ነው። ከቆመ በኋላ ኮንክሪቱ ይድረቅ፣ 2 ሳምንት ያህል ተዪው። ዱቄቱ በዚህ ጊዜ ቢብስ አትደንግጪ፣ የቀረው እርጥበት እየወጣ ነው። ከዚያ በደረቁ ቦርሺው። በደረቁ ያልኩት እውነቴን ነው፤ መጀመሪያ ውሃ ካፈሰስሽበት ዱቄቱ ውስጥ ያለውን የሚሟሟ ጨው መልሰሽ ለኮንክሪቱ ታጠጪዋለሽ። ጠረጊና ከግቢ አውጪው። ብሩሹ የላስቲክ ፀጉር ያለው ይሁን። የሽቦ ብሩሽ እየተሰበረ ብረት ይተዋል፣ እሱ ደግሞ ይዝግና አዲስ እድፍ ይሆንብሻል።

የቀረውን በአቼቶ ታስለቅቂዋለሽ። አንድ እጅ አቼቶ፣ አንድ እጅ ውሃ። ሊሾውን አስቀድመሽ አርጥቢው፣ ካልሆነ አቼቶውን ወደ ውስጥ ይጠጣዋል። አፍስሺ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ቦርሺ፣ በብዙ ውሃ እጠቢ። ሥራው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጀመር። ረፋድ ላይ ከጀመርሽ ሳትቦርሺው ይደርቅብሻል። መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሪው።

ቡናማው መስመር ዝገት ነው። ማቆሚያውን የበየደልሽ ሰው ስስ ብረት ተጠቅሞ፣ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ሳይቀባ፣ ቀለም ብቻ አልብሶ አስረክቦሻል። እንዲህ ያለ ማቆሚያ ስንት አይቻለሁ! እግሩ ኮንክሪት ውስጥ በቀጥታ ስለተቀበረ ውሃ አንገቱ ላይ ይቋጥራል። ዝገቱን አራግፊ፣ አንቲረስት 2 ጊዜ ቀቢ፣ እግሩ ዙሪያ ውሃ እንዳይቆም በሲሚንቶ ትንሽ ጉብታ ሥሪለት። እግሩ በመዶሻ ሲነካ የሚላላ ከሆነ ግን ቀለሙን ተዪና ሮቶውን አስወርጂ። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው፤ ሥሩ ልጆች ይጫወታሉ። ለእድፉ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ጨርቅ በጭማቂው ነክረሽ መስመሩ ላይ አንጥፊ፣ እንዳይደርቅ ላስቲክ አልብሺው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦርሺና እጠቢ። 2 ወይም 3 ጊዜ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፣ እንዲያውም ያብሰዋል።

ኒሟ ሥር ያለው ቡናማ የዛፉ ቅጠልና ከጫቱ ተርፎ የሚጣለው የገራባ ቀለም ነው። ገራባው እርጥብ ሊሾ ላይ ካደረ እንደ ሻይ ይለቃል። አዲሱን ፀሐይ ራሷ ታደበዝዘዋለች፤ እዚያ ጥላ ስለሆነ ነው የቆየብሽ። ለዚህ በረኪና ይሠራል፦ 1 ጣሳ ለ10 ጣሳ ውሃ፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ እጥበት። ግን ስሚኝ። አቼቶም አሲድ ነው፣ ሎሚም አሲድ ነው። ከሱቅ የገዛሽው ብቻ አይደለም አሲድ። የበረኪናው ሥራ ሌላ ቀን፣ በሌላ ባልዲ፣ ግቢው በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ጓንትሽንም አጥቢው።

ባጃጁ ሥር ሰጋቱራ ደፍተሽ በእግር እሺው፣ አድሮ ጠረጊው። የቀረውን በዱቄት ሳሙናና በፈላ ውሃ ፈትጊው። ወደ ውስጥ የጠለቀው ዘይት ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ባለቤትሽ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ያሠራ፣ እስከዚያ ካርቶን ያንጥፍ።

ስለ ሊሾ መደረቡ ለግንበኛው እንዲህ በይልኝ፦ አይሆንም። ከሥር ያለው እርጥበት አዲሱንም ይገፋዋል። ስስ ሊሾ በጨውና በዱቄት ላይ አይያዝም፣ ይነፋል፣ በመዶሻ ስትነኪው ባዶ ይጮኻል፣ በመጨረሻ እንደ ቂጣ ይነሳል። የመጀመሪያውም በትክክል የተሠራ አልመሰለኝም። የሲሚንቶው ቡኮ ቶሎ እንዲሄድ ውሃ ያበዛሉ፤ ከዚያ ላዩ ሲረጥብባቸው ደረቅ ሲሚንቶ በትነው ያለሰልሱታል። ትርፍ ውሃው ሲተን ቀዳዳ ይተዋል፣ የተበተነው ሲሚንቶ ስስ ቆዳ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሙቀት ደግሞ 7 ቀን ውሃ ያጠጣልሽ ሰው ነበር? በ2ኛው ቀን ሂሳብ ተቀብለው ሄደዋል፣ እምላለሁ።

የተረፈውን የሱቅ አሲድ ሽንት ቤት አትድፊው፤ በረኪና እዚያም ይደፋል። ማን እንደሚፈልገው ካወቅሽ፣ ለሚያውቅበት ሙያተኛ በወፍራም የአሲድ ጀሪካን አድርገሽ፣ ላዩ ላይ ጽፈሽ ስጪው። የቆጣሪዋ መዘውር ከዞረች ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኮንክሪቱን የት ጋ እንደሚሰብር እንዲያውቅ ላስቲኩ ያላበበትን ቦታ በከሰል አስምሪለት።