ስለ .22 የኢላማ ሽጉጦች፦ ጠይቃችኋል፣ ልመልስ

ባለፈው ሳምንት «ስለ .22 የኢላማ ሽጉጥ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ እንደመጣልኝ እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ አሜሪካ ስላላችሁ የምጠቅሰው ሕግም ዋጋም የዚያው አገር ነው። የምናወራው ወረቀት ላይ ስለሚተኮስበት፣ ትንሿን የ.22 ጥይት (ውፍረቷ 0.22 ኢንች ገደማ) ስለሚጎርስ ሽጉጥ ብቻ ነው። ለቤት ጥበቃ የምትፈልጉ ጉዳያችሁ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያዬን ልገዛ ነው። በሩገር ማርክ ፎር፣ በብራውኒንግ ባክ ማርክና በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክቶሪ መሃል ተወዛግቤያለሁ። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገዙ ነበር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እጅህ ላይ የተመቸህን። ለማምለጥ አይደለም እንዲህ የምለው። ሦስቱም በ25 ያርድ፣ ማለትም 23 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከእኔም ከአንተም የተሻለ ይመታሉ። ስለዚህ «የቱ ነው ይበልጥ የሚመታ» የሚለውን ለጊዜው ተወው። ልዩነታቸው ያለው አያያዝ ላይ፣ ቃታ ላይና ለማጽዳት ስትፈታቸው ነው።

ሩገር ረጅም ታሪክ አለው። ኩባንያው ገበያ የገባው በ1949 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዓይነት ሽጉጥ ሲሆን ዋጋው ያኔ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ማርክ ፎር በ2016 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ ግን ባለቤቶቹ አንድ የጋራ ስቃይ ነበረባቸው፤ ፈቶ መግጠም። ከመዶሻው ጋር የተያያዘች አንዲት የተንጠለጠለች ዘንግ አለች። ሽጉጡን አዘቅዝቀህ፣ ዘንጓ ትክክለኛው ቦታ ላይ መውደቋን አረጋግጠህ ካልገጠምከው አይዘጋልህም። ብዙ ሰው በከረጢት ይዞት ወደ ሱቅ ይመለስ ነበር። ማርክ ፎር ላይ ሴፍቲውን (እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) ታስገባለህ፣ የጥይት ካዝናውን ታወጣለህ፣ ባዶ መሆኑን ታያለህ፣ ከኋላ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ላይኛው ክፍል ተገንጥሎ ይወጣል። በቃ።

ባክ ማርክ ከ1985 ጀምሮ አለ። ከሳጥኑ እንደወጣ ቃታው ከሦስቱ ይጥመኛል። ጥርት ብሎ ይለቃል፣ አይንቀራፈፍም። ችግሩ ብሎኖቹ ናቸው። ከላይ የማነጣጠሪያውን ወለል የያዙት ሁለት ብሎኖች ሲተኮስ ይላላሉ። «ሽጉጤ በድንገት ግራ ግራ መምታት ጀመረ» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ እዚያ ይዩ። ለማጽዳትም የግድ ብሎን መፍቻ ይዘህ ነው፤ ትንንሾቹ ዋሸሮች ምንጣፍ ላይ ከወደቁ ደግሞ አበቃልህ።

ቪክቶሪም የ2016 ነው። በአንድ ብሎን ይፈታል፣ አፈሙዙም በቀላሉ ይቀየራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ዝቅ ይላል። ሳስተያየው መልኩ ደስ አይለኝም፤ እሱ የኔ ጣጣ ነው።

ግድ አንዱን ጥራ ካልከኝ፦ ማጽዳት የሚሰለችህ ከሆንክ ሩገር፣ ቃታ ላይ ቀበጥ ከሆንክ ባክ ማርክ።

ጥያቄ፦ የኔ ሽጉጥ በየካዝናው ቢያንስ አንዴ ጥይት ወይም ቀለህ ይነክሳል። አንዳንዴም ቃታውን ስስበው ቀጭ ብሎ ይከሽፋል። ልመልሰው ወይስ ልሽጠው? (ከዳላስ)

መልስ፦ ቆይ፣ ገና ነው። መንከስና መክሸፍ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ለየብቻ እንያቸው።

መክሸፉ ብዙውን ጊዜ የጥይቱ ነው። በትልልቆቹ ጥይቶች ላይ የሚቀጣጠለው ቅመም ቀለሁ መሃል፣ ለብቻው ባለች ጽዋ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። .22 ላይ ግን ቅመሙ የሚገባው የቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ ቀለሁ እየተሽከረከረ ዙሪያውን እንዲሞላ ይደረጋል። አንድ ቦታ ላይ ከሳሳና የሽጉጡ መርፌ ልክ እዚያው ከመታ አይነሳም። ለዚህ ነው የከሸፈውን አውጥተህ፣ ትንሽ አዙረህ ደግመህ ስታስገባው ብዙ ጊዜ የሚተኩሰው። ካዞርከው በኋላ ሁሉም የሚነሱ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። በከሸፉት ላይ ያለው የመርፌ ምልክት ጠርዙን የሳተ ወይም ጭረት ብቻ ከሆነ ግን መርፌውና ዙሪያው ቆሽሿል ወይም አርጅቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከከሸፈ በኋላ ወዲያው አታቀባብል። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግህ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። ድምፁ ደግሞ እንደ ወትሮው ካልሆነ፣ ፍስስ ካለ፣ አቁምና አፈሙዙ ውስጥ የቀረ እርሳስ (የጥይቱ ራስ) አለመኖሩን እይ።

ወደ መንከሱ ስንመጣ መጀመሪያ የማየው ካዝናውን ነው። የ.22 ቀለህ ጠርዝ ስላለው ጥይቶቹ ሲደረደሩ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው በጎን ያለችውን ቁልፍ እስከ ታች ጎትቶ አሥሩንም ጥይት እንዲያው ያፈስሳቸዋል። ያኔ ጠርዝ ከጠርዝ ኋላ ይጠላለፋል። ቁልፉን ለአንድ ጥይት የሚበቃ ብቻ ዝቅ እያደረግህ አንድ በአንድ አስገባ። ሁለት ካዝና ካለህ ምልክት አድርግባቸው። ሁልጊዜ የሚነክሰው አንደኛው ብቻ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኘኸው።

ቀጥሎ ቆሻሻው። የ.22 ባሩድ ያጠለሻል፣ እርሳሱም ሰም ወይም ቅባት የተቀባ ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳና ቀለህ የምታወጣውን ጥፍር ይደፍናሉ። አፈሙዙን በየጊዜው መፈተግ አያስፈልግም፤ ቀዳዳውን፣ ጥፍሩንና የቦልቱን (ጥይቱን ገፍቶ የሚያስገባውን ብረት) ፊት ግን በጥርስ ብሩሽ አጽዳ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ጥይት ቀይር። የኢላማ ተኳሾች በብዛት የሚጠቀሙት ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ነው። 40 ግሬን፣ 2.6 ግራም ገደማ ነው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1,070 ጫማ። ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነ ድምፁም ርግጫውም ለስላሳ ነው። አንዳንድ ሽጉጥ ግን ስፕሪንጉ ጠንካራ ስለሆነ በሱ አያቀባብልም። እዚያ ላይ ፈጠን ያለውን የዚያኑ ኩባንያ ሚኒ ማግ ሞክር። በጆንያ የሚሸጠውን ርካሽ ጥይት ለመደሰቻ ተወው፤ በሱ ተኩሰህ ሽጉጥ አትፍረድ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከነከሰ፣ አዎ፣ ወደ ሠራው ኩባንያ ላከው።

ጥያቄ፦ ሞዴል 41 ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣል? (ከዴንቨር)

መልስ፦ የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ ሞዴል 41 ከ1957 ጀምሮ አለ። ዛሬ አዲሱ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። ቃታው ግሩም ነው፣ እጅ ላይ ሚዛኑ ግሩም ነው፣ ጥይት ግን ይመርጣል። ፈጣን ጥይት አትስጠው። በዚያ ዋጋ አንድ ሩገር፣ አንድ ጥሩ ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ (መስታወት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ)ና ለረጅም ጊዜ የሚበቃህ ጥይት ትገዛለህ። ለጀማሪ አልመክርም። ለሚወዳደርና ምን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ግን ምንም አልልም፤ እኔም ሳየው ያምረኛል።

ጥያቄ፦ እጄ ትንሽ ነው፣ ባለቤቴ የገዛው ሽጉጥ ደግሞ ከበደኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ለኔ የሚሆን አለ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። የባለቤትሽ ከማይዝግ ብረት የተሠራው ማርክ ፎር ታርጌት ከሆነ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚያው ቤት 22/45 ላይት የሚባለው 700 ግራም አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ሊትር የዘይት ጠርሙስ ይዞ ከመቆምና ግማሹን አፍስሶ ከመቆም ጋር ይቀራረባል።

ግን ክብደት ብቻውን ጠላት አይደለም። ከባዱ ሽጉጥ ቃታ ስትስቢ እምብዛም አይወዛወዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ነገር ፈትሺ። አንደኛ፣ ሱቅ ውስጥ ባዶ መሆኑን አይተሽ ያዢውና የሌባ ጣትሽ የፊተኛው ሥጋ ቃታው ላይ ሳትጨነቂ ይደርስ እንደሆነ እዪ። የሚደርሰው የጣትሽ ጫፍ ብቻ ከሆነ ወደ ጎን ትገፊዋለሽ፣ ጥይቱም ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሻጩን አስፈቅደሽ አቅጣጫው አስተማማኝ ወደሆነ ግድግዳ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንሺው። ዓይንሽን ስትገልጪ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ተሰልፎ ካገኘሽው የእጀታው ማዘንበል ለአንቺ ነው። አፈሙዙ ሰማይ እያየ ወይም መሬት እያየ ካገኘሽው ያ ሽጉጥ ዕድሜ ልክ ያታግልሻል። የመደበኛው ሩገር እጀታ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ የ22/45ቱ ቀና ያለና 1911 የሚባለውን የቀድሞ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ የሚመስል ነው። አንዱ የጠላሽው ሌላው ሊስማማሽ ይችላል።

አሥር ደቂቃ ሙሉ ደግሞ ክንድን ዘርግቶ የሚቆም የለም። ከአምስት ጥይት በኋላ አስቀምጪውና ተንፍሺ።

ጥያቄ፦ ውድድር መግባት እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት አለ?

መልስ፦ እዚህ አገር አሮጌውና ጨዋው ቡልስአይ የሚባለው ነው። በአንድ እጅ፣ በ50 እና በ25 ያርድ ይተኮሳል። በ50 ያርድ አሥር ጥይት በአሥር ደቂቃ፤ በ25 ያርድ መጀመሪያ አምስት ጥይት በ20 ሰከንድ፣ ከዚያ አምስት በ10 ሰከንድ። የ.22 ድርሻ 90 ጥይት ነው። ከላይ ስለ ምቾት ያልኩት ሁሉ እዚህ ነው የሚገባህ። በ80ኛው ጥይት ላይ እጀታው መዳፍህን የሚቆረቁርህ ከሆነ የሽጉጡ ጥራት ምንም አያደርግልህም።

ጥያቄ፦ ኦሊምፒክ ላይ የማያቸው እጀታቸው እንደ እንጨት ጓንት የሆኑትስ?

መልስ፦ የጣሊያኑ ፓርዲኒ፣ የጀርመኖቹ ዋልተርና ፋይንቨርክባው፣ የስዊሱ ሞሪኒ ናቸው። እንጨቱ በተኳሹ እጅ ልክ ይቀረጻል። ብዙዎቹ ካዝናቸው ከቃታው ፊት ነው የሚገባው። አፈሙዙም ከእጅ ብዙ ከፍ ስለማይል ሲተኮስ ወደ ላይ አይዘልም። በ25 ሜትር ውድድር ቃታው ከ1,000 ግራም በታች እንዲለቅ አይፈቀድም። ዋጋቸውን አትጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። የፊቱን ማነጣጠሪያ ሳይ ኢላማው ይደበዝዛል፣ ኢላማውን ሳይ ማነጣጠሪያው ይጠፋል። (ከሲያትል)

መልስ፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ነው፤ ሽጉጥዎ ጤነኛ ነው። ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ያስገጥሙ። ነጥቡና ኢላማው እኩል ይታዩዎታል። ጉድለቱ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ሁሉ ማሳየቱ ነው። ነጥቡ እስኪረጋ አይጠብቁ፣ አይረጋም። እየተንቀሳቀሰ ቃታውን ቀስ ብለው ይሳቡ።

ጥያቄ፦ የሽጉጤን ትክክለኛ ብቃት እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ፣ በ25 ያርድ፣ በተለያየ ጥይት አምስት አምስት እየተኮስህ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ለካ። ብራንድ በቀየርህ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች አትቁጠር፤ አፈሙዙ የቀድሞውን ቅባት መልቀቅ አለበት። አንድ ሽጉጥ ውዱን ጥይት ጠልቶ መካከለኛውን ሊወድ ይችላል። ምክንያቱን ፈልገህ አትድከም፣ የወደደውን ግዛለት።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በባዶ ቃታ መለማመድ መርፌውን ይሰብራል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በብዙ የ.22 መሣሪያ ላይ መርፌው የቀዳዳውን ጠርዝ ይመታና ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። የሩገር ማርክ ሽጉጦች መርፌውን የሚያግድ ፒን ስላላቸው ችግር የለባቸውም፤ ያ ፒን ከፈታኸው በኋላ መመለሱን ብቻ አረጋግጥ። ለሌላው ከሽጉጡ ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ እይ። ብዙ ሰው ከሃርድዌር ሱቅ የሚገዛውን ቢጫ ፕላስቲክ፣ ግድግዳ ላይ ብሎን የሚገባበትን ትንሹን፣ እንደ ውሸት ጥይት ያስገባል። ልኩ ይገጥማል፣ ዋጋውም ሳንቲም ነው። እውነተኛ ጥይት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም አይኑር።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት፣ ግሪን ካርድ አለኝ። መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ ቋሚ ነዋሪ ይችላል። ከሱቅ ሽጉጥ ለመግዛት ግን 21 ዓመት መሙላት አለብህ፣ ፎርም 4473 የሚባለውን የፌዴራል የገዢ ቅጽ ትሞላለህ፣ የጀርባ ማጣሪያም ይደረግልሃል። ከዚያ በላይ ያለው በየስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ከሆንክ መጀመሪያ አሻራ ሰጥተህና ኮርስ ወስደህ የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ታወጣለህ፣ ከዚያም ሰባት ቀን ትጠብቃለህ። ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ በመኪና ይዘህ ከመሻገርህ በፊት የሁለቱንም ሕግ አንብብ። ድልድዩን ስትሻገር ሕጉ ይቀየራል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ አትችሉም። ሱቅ ሄዳችሁ ከመሞከራችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ይዤው ልሂድ? አጎቴ በጣም ይወዳል።

መልስ፦ አይሆንም። ከአሜሪካ ለማስወጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አለ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ቦሌ ላይ ያስጨንቅሃል። ለአጎትህ ጫማ ግዛላቸው።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ልጆች አሉኝ። እርሳሱ አያሰጋም?

መልስ፦ ያሰጋል፣ ለዚህም ነው ሕፃን ያለባቸው ቤቶች መጠንቀቅ ያለባቸው። እርሳስ ከጥይቱ ብቻ ሳይሆን ከሚቀጣጠለው ቅመምም በጭስ ይወጣል። ከተኩስ በኋላ እጅህንና ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠብ፣ እዚያው ቆመህ አትብላ፣ ልብስህን ቀይረህ ነው ልጅ የምታቅፈው። ጥሩ አየር የሌለው የቤት ውስጥ ተኩስ ሜዳ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ሽጉጡ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ማርክ ፎር በ350 ዶላር አግኝቻለሁ። ልውሰደው? (ከሂውስተን)

መልስ፦ ዋጋው መልካም ነው። ከመክፈልህ በፊት የመለያ ቁጥሩን ተቀበለውና ሩገር ድረ ገጽ ላይ አጣራ። ከሰኔ (ጁን) 2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን ማርክ ፎሮች ኩባንያው በሴፍቲ ችግር ለጥገና መልሶ ጠርቷቸው ነበር። ሴፍቲው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ መሃል ላይ ከቆመና ቃታው ከተሳበ፣ በኋላ ሴፍቲውን ስትነካው ሊተኩስ ይችል ነበር። ካልተጠገነ ኩባንያው ያለ ክፍያ ያስተካክለዋል፤ እስኪስተካከል ድረስ አትተኩስበት።