ኢሜይሉ ለአንድ ሰው ብቻ ደረሰ፤ ባንክ ልግባ?

ደብዳቤሽን አንብቤ እንዲሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን አምና ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቃ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። ድርጅቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄዱ እንግዶች ቦታ ማስያዣ ሠርቷል። አንድ ሰው ቦታ ሲይዝ ኢሜይል ለአምስት ሰዎች መሄድ አለበት፤ ለሪሴፕሽኑ፣ ለእንግዳው፣ ለጀልባው ባለቤት፣ ለአስጎብኚውና ለሒሳብ ክፍሉ። የሚደርሰው ግን ለሪሴፕሽኑ ብቻ ነው። ስህተት የሚል መልእክትም የለም። ሁለት ሳምንት ፈጅታበት፣ «ላይብረሪው (ተዘጋጅቶ የመጣው ኮድ) ባግ (ስህተት) አለበት ወይስ እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም?» ብላ ትጠይቃለች። በዚህ መሃል አጎቷ ባንክ ቦታ አግኝተውላታል። እናቷም «ደመወዙ የታወቀ ሥራ ያዢ» ይሏታል።

ከባጉ ልጀምር። የባንኩም መልስ ያለው እዚያ ነው።

ኢሜይል ተቀባዩን ሁለት ቦታ ይይዛል። አንዱ ደብዳቤው አናት ላይ «ለ፦» የሚለው ነው፤ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ሌላው ፖስታው ላይ የተጻፈው ነው፤ ሰርቨሩ የሚያደርሰው በዚህኛው ነው። ፖስታውን ቀድዶ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ አያይም። ስለዚህ ሪሴፕሽኑ አምስቱንም አድራሻ ተደርድሮ እያየ፣ ፖስታው ላይ እሱ ብቻ ሊኖር ይችላል። የጀልባው ባለቤት ምንም ሳይሰማ እንግዳው ጣና ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

የላክሽልኝን ኮድ አየሁት። አምስቱ አድራሻዎች በኮማ ተያይዘው አንድ ስትሪንግ (ወጥ ጽሑፍ) ሆነዋል። ያንኑ ስትሪንግ ኢሜይሉን ለሚልከው ትእዛዝ፣ ለሰንድሜይል፣ ሰጥተሽዋል። ሰንድሜይል የሚገኝበት ላይብረሪ ኤስኤምቲፒሊብ ይባላል፤ ኮዱ በተጻፈበት ቋንቋ በፓይተን ውስጥ ያለ ነው። ዶክመንቴሽኑ (መመሪያው) ግን ሊስት (አድራሻዎቹ ለየብቻ የተቀመጡበት ዝርዝር) ይፈልጋል፤ ስትሪንግ ከመጣለት እንደ አንድ አድራሻ እንደሚቆጥረው በግልጽ ተጽፏል። የቆዩት የፓይተን ቅጂዎች ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያውን አድራሻ ይወስዱና የቀረውን ይተዉታል። አዲሶቹ አድራሻ ሲያነቡ ጠበቅ ስለሚሉ ያው ኮድ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። «እኔ ላፕቶፕ ላይ ሌላ፣ ቢሮ ሌላ» ያልሽው ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ኮዱ ላይ ሰት ዲበግ ሌቭልን 1 አድርጊና ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረውን አንብቢ። «አርሲፒቲ ቱ» የሚል መስመር (አንድ ተቀባይ ፖስታው ላይ የሚጻፍበት ነው) ስንት ጊዜ ወጣ? አንዴ ከሆነ ነገሩ ተገኘ። ለ«ለ፦» በኮማ የተያያዘውን ስጪ፣ ለሰንድሜይል ደግሞ ሊስቱን። መሞከሪያ ከፈለግሽ ኤይኦኤስኤምቲፒዲ የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር ላፕቶፕሽ ላይ አስነሺ። ለእውነተኛ ሰው ምንም አይሄድም፤ ኔት በሌለበት ቀንም ይሠራል። የባሕር ዳር ልጅ መቼም ይህ ጥቅም ይገባሻል።

የምፈራው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ብዙ ሰው በችኮላ መላኪያውን ሉፕ (ትእዛዝ የሚደጋግም ኮድ) ውስጥ ይከተውና ለእያንዳንዱ ተቀባይ «ለ፦»ን እንደገና ይሞላል። በፓይተን የድሮው የመልእክት ክላስ (መልእክት የሚሠራበት ቅርጽ) ይህ የፊተኛውን አይተካም፣ ይደርብበታል። ለሠላሳ እንግዶች ማስታወሻ ስትልኪ፣ ሠላሳኛው የሃያ ዘጠኙን አድራሻ ያያል። አዲሱ ክላስ፣ ኢሜይልሜሴጅ፣ ሁለተኛ «ለ፦» ሲመጣበት ስህተት ብሎ ያቆማል፤ እሱን ተጠቀሚ። ደግሞ በተቀባዮች ምክንያት ሰንድሜይል ስህተት የሚያነሳው ሁሉም እምቢ ከተባሉ ነው። አንዱ እንኳ ካለፈ ዝም ብሎ ያልተሳኩትን በዲክሽነሪ (አድራሻው ከነምክንያቱ በተያዘበት ዝርዝር) ይመልስልሻል። ያን ዲክሽነሪ ሎግ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ላይ ጻፊው።

እንግዲህ ወደ ሙያሽ። ለዓመታት የሌላ ሰው ሰርቨር ለምን እንደቆመ ሎግ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። «አፕ ሠርቻለሁ» የሚል ሲቪ ሞልቷል። የጠፋ ኢሜይል የት እንደቀረ ያገኘ ልጅ ግን ስፈልግ አላገኝም። ይህን ባግ ዝጊና በአንድ ገጽ ጻፊው፤ ምን ታየ፣ ምን ጠረጠርሽ፣ በምን አረጋገጥሽ። ችግሩን የሚያሳይ አጭር ኮድ አያይዢበት። የድርጅቱን ኮድና የእንግዶችን አድራሻ ግን እንዳታወጪ። ይህን ይዘሽ ቃለ መጠይቅ ብትገቢ የምታወሪው አታጪም።

አጎትሽ መልካም አስበው ነው፤ ቦታ ስላገኙልሽ ግን ዕዳ ውስጥ አልገባሽም። ለቤት በየወሩ ስንት እንደምትሰጪ ወረቀት ላይ አስፍሪው። የአሁኑ ክፍያሽ ያንን ከቻለ፣ የእናትሽ ጭንቀት የብር አይደለም፤ «የእከሌ ልጅ ባንክ ገባች» የሚለው የጎረቤት ወሬ ነው። ለጎረቤት ብለሽ ሙያ አትቀይሪ። ካልቻለ ግን ግቢ፣ ረሃብ ቀልድ አይደለም። ብቻ «ቀን መስኮት ላይ ተቀምጬ ማታ ኮድ እጽፋለሁ» ብለሽ ራስሽን አትሸንግዪ። ተለር (መስኮት ላይ ገንዘብ የሚቀበልና የሚከፍል ሠራተኛ) ሒሳቡ ሳይዘጋ ከቢሮ አይወጣም። አንዲት መቶ ብር ጎደለች ብለው ሲቆጥሩ የሚያመሹትን ጠይቂያቸው። ከገባሽ የአይቲ ክፍሉን ጠይቀሽ ግቢ።

አዲስ አበባ ልሂድ ላልሽው፣ በዚህ የቤት ኪራይ ሥራ ሳትይዢ አትሂጂ።

አለቃሽ የሙከራ ጊዜሽን ስድስት ወር እንዳደረጉትም ጽፈሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው ከ60 የሥራ ቀን ያልበለጠ ነው። ውልሽን አውጥተሽ አንብቢው፣ ከዚያ በጨዋ ቋንቋ ጠይቂያቸው። ባጉን ከዘጋሽ በኋላ ቢሆን ይሻላል።