ፋሻ ከመጠምጠምዎ በፊት ጭሱ የሚያፈተልክበትን ይፈልጉ

ጥያቄ፦ ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪና አለኝ። ረጅም ዳገት ከወጣሁ በኋላ፣ እንዲሁም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሜ ስነሳ ጉልበቱ ይደክማል፤ ኮፈኑን ስከፍት ፊት የሚለበልብ ሙቀት ይወጣል። በቱርቦው አጠገብ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን ተሰባብሯል፤ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውም በአንድ ጎኑ ብቻ ቢጫ ሆኗል። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ የጭስ ማኒፎልዱን (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰውን ብረት) በሙቀት መከላከያ ፋሻ ጠምጥሞልኝ ለጥቂት ወራት የተሻለ መስሎ ነበር፤ አሁን ግን ከበፊቱ ብሷል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት ደቂቃ ቲክ ቲክ ይልና ሲሞቅ ይተዋል። በአሮጌው ላይ ሌላ ፋሻ ልደርብ ወይስ ለቱርቦው የሙቀት መከላከያ ጃኬት ልግዛለት?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ቁም ነገሩ ያለው መጨረሻ ላይ በጠቀሱት ድምፅ ውስጥ ነው። ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ የሚሰማና ሲሞቅ የሚጠፋ ቲክታ፣ በተለይ ጋዝ ሲሰጡት አብሮ የሚፈጥን ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከማኒፎልዱ ጋስኬት (በመጋጠሚያው መሐል ከሚገባው መድፈኛ) ወይም ከተሰነጠቀ ማኒፎልድ የሚያፈተልክ ጭስ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱን በከፊል ይደፍነውና ድምፁ ይጠፋል። የቫልቭ መግፊያዎችም ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን የቫልቭ መግፊያ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያን በአንድ ጎን ብቻ አያቃጥልም። ከብረቱ በዙሪያው የሚፈልቅ ሙቀት በቅርብ ሆኖ ወደ እሱ የዞረውን ሁሉ ሲያደርቅ፣ ከቀዳዳ እንደ ጅራፍ የሚወረወር ጭስ ግን አንድ ቦታ መርጦ ይጠብሳል። ስለዚህ መኪናዎ አሁን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ልብስ አይደለም፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የሚደረብ ፋሻ ሕመሙን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያድነውም።

የጉልበቱ መድከምም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከቱርቦው በፊት የሚያፈተልክ ጭስ ተርባይኑን (በጭስ ግፊት የሚዞረውን የቱርቦውን ክፍል) ሳያሽከረክር ይጠፋል። ከዚህም በላይ ኮፈኑ ሥር ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ሞተሩ የሚገባውም አየር ይሞቃል፤ አየር በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ከጥግግቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ትኩስ አየር ሲገባለት ማንኳኳት (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው በራሱ መቀጣጠል) እንዳይጀምር ኮምፒውተሩ የእሳት መስጫውን ጊዜ ያዘገያል፤ እሳቱ ሲዘገይ ቃጠሎው ወደ ጭስ ማውጫው እየተገፋ ጭሱን የበለጠ ያሞቀዋል። ይህ ራሱን የሚመግብ ክብ ነው፤ የሚሰበረውም በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ነው።

ሥራውን አሮጌውን ፋሻ በማውለቅ ይጀምሩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ፋሻውን በውሃ አርጥበው፣ ጓንት፣ መነጽርና ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ጭንብል አድርገው ቆርጠው ያውልቁት፤ ፋሻው የሚሠራበት የደረቀ የመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) ለሳንባም ለቆዳም ጠንቅ ነው። ሲያወልቁ በጥንቃቄ ይመልከቱት፦ ዘይት ነክቶታል? ዘይት የጠጣ ፋሻ በጋለ ብረት ላይ የተጠመጠመ የኩራዝ ክር ነው። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የመሪ ዘይት በጋለ ማኒፎልድ ላይ ያለ ምንም ብልጭታ በራሳቸው ይቀጣጠላሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ ወደ ኋላም እደግመዋለሁ።

ጋራዡ የሠራውን ሳላየው እንኳ ብዙውን መገመት እችላለሁ፤ ተመሳሳዩን ደጋግሜ አውልቄያለሁና። ፋሻው ቀለሙ ብቻ የወርቅ ወይም የቲታኒየም መልክ ያለው ርካሽ የመስታወት ጭረት ነው። የታሰረውም በተራ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ዝጎ ሲበጠስ ፋሻው ይላላል። ከሁሉም የከፋው የተጠመጠመበት ቦታ ነው። የቤንዚን ቱርቦ ጭስ በሙሉ ጭነት ከ900 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ተራ የመስታወት ጭረት ያን ያህል አይችልም፣ ይደርቅና ይፈረፈራል። ከጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ከተፈሰሰ ብረት) የተሠራ ማኒፎልድ ደግሞ ሙቀቱን የሚተነፍስበት ሲያጣ ይበልጥ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ጫፍ ላይ ያሉትን ብሎኖች ይጎትታል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በመሆኑም የቲክታው መነሻ ራሱ ፋሻው እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ «ለጥቂት ወራት ተሽሎ ነበር» ማለትዎም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ቀዳዳውን ለማግኘት በማኒፎልዱና በሞተሩ ራስ መጋጠሚያ፣ እንዲሁም በማኒፎልዱና በቱርቦው መጋጠሚያ ላይ እንደ ማራገቢያ የተበተነ ጥቁር ወይም ግራጫ ጥላሸት ይፈልጉ። ካልታየዎት በቀዘቀዘ ሞተር የጭስ ማውጫውን ጫፍ በጨርቅ አፍነው፣ የአቧራ መሳቢያ ማሽን በሚተነፍስበት ወገን አየር እያስገቡ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ያው ነው። የጫፍና የጫፍ ብሎኖችን በተለይ ይፈትሹ፤ መጀመሪያ የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። ማኒፎልዱ ከወለቀ በኋላ ፊቱን በቀጥ ያለ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይለኩት፤ ከመኪናው መመሪያ ወሰን ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስልጡት። ጋስኬቱ ተደራራቢ የብረት ዓይነት ይሁን፤ ወረቀት የሚመስለው ርካሹ በቱርቦ መኪና ላይ ዕድሜ የለውም። ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ መመሪያው በሚያዘው መጠን ያጥብቁ። ክፍተትን በማጣበቂያ ሊጥ መድፈን ጥገና አይባልም፤ ሊጡ ተሰባብሮ ወደ ተርባይኑ ሲሄድ ምላጮቹን ይጎዳል።

ጭሱ እስኪደፈን ድረስ መስኮት ዘግተው አይንዱ። የሚያፈተልከው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ አለበት፤ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባው አየር ደግሞ የሚሳበው ከፊት መስተዋቱ ግርጌ፣ ማለትም ከሞተሩ ቅርብ ነው።

አሁን ወደ መከላከሉ እንምጣ። ማኒፎልዱንና ቱርቦውን ሲመለከቱ ባዶ የቀሩ፣ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ የብሎን ቀዳዳዎች ያያሉ? ካሉ ፋብሪካው የገጠመው የሙቀት መከለያ ላሜራ ነበረባቸው፤ ፋሻው ከውፍረቱ የተነሳ አላስገጥም ሲል ተነቅሎ ተጥሏል ማለት ነው። ያ ላሜራ ተራ ቁራጭ ቆርቆሮ ይመስላል፤ ብዙ መካኒክም እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከማንኛውም ፋሻ አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቱን ጥቂት ላብራራ።

ከጋለ ብረት የሚነሳው ሙቀት ወደ ሌላ አካል የሚደርሰው በአየር ተሸክሞ ብቻ አይደለም፤ በጨረርም ይሄዳል፣ ብረቱ በጋለ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ አየሩን እየበለጠ ይመጣል። ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ፊትዎ ሲቃጠል አንድ ትሪ መሐል ቢያስገቡ ወዲያው እፎይ ይላሉ፤ የክፍሉ አየር ግን በዚያች ቅጽበት አልቀዘቀዘም። የተቋረጠው ጨረሩ ነው። የጨረሩ መጠን የሚያድገው ከፍጹም ዜሮ በሚቆጠረው ሙቀት አራተኛ ርቢ ነው። በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ብረት በዚህ አቆጣጠር 1073 ኬልቪን ነው፤ በ400 ዲግሪ ያለው 673 ኬልቪን። የሁለቱ ንጽጽር 1.6 ገደማ ቢመስልም ለአራተኛ ርቢ ሲነሳ ከ6 እጥፍ በላይ ይሆናል። ማለትም ውጫዊውን ገጽ ከ800 ወደ 400 ማውረድ የቻለ መከለያ ጨረሩን ወደ ስድስተኛው ያህል ይቀንሰዋል። ላይኛው ገጽ ሲያብረቀርቅ ትርፉ ይጨምራል፦ የዛገ ብረት ሊለቀው ከሚችለው ጨረር አብዛኛውን ይለቃል፣ ንጹሕ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ግን ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይለቅም። ላሜራው ይህን ሁሉ የሚሠራው ብረቱን ሳያፍን ነው፤ በመካከሉ የሚያልፈው አየር ለላሜራውም ለማኒፎልዱም ማቀዝቀዣ ነው። ለዚህም ነው ላሜራው ብረቱን እንዳይነካ ርቀቱን መጠበቅ ያለበት፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል።

እንግዲህ ዋናውን ላሜራ ፈልገው ይመልሱ፤ ከአሮጌ መኪና የተነቀለም ቢሆን ካልተሰነጠቀ ይበቃል። የጊዛውን ማኒፎልድ በፋሻ አይንኩት፤ ማኒፎልዱ ከወለቀ አይቀር ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ የሴራሚክ ቅብ ማስቀባት ይቻላል። ፋሻ ቦታው ከቱርቦው በታች የሚወርደው የአይዝጌ ብረት ቱቦ ነው። ከባዛልት ድንጋይ የተፈተለውን፣ የሙቀት ወሰኑ በግልጽ የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ከታችኛው ጫፍ ጀምረው ወደ ላይ፣ ከስፋቱ ሩብ ያህል እየደረቡ አጥብቀው ይጠምጥሙ፣ በአይዝጌ ብረት ማሰሪያ ብቻ ይሰሩ። የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ተጣጣፊውን ቱቦና የመጋጠሚያ ብሎኖችን አይሸፍኑ።

የቱርቦ ጃኬት ጥሩ ነገር ነው፤ የሚለብሰው ግን ጭሱ የሚገባበት የተርባይኑ ቤት ብቻ ነው። ዘይት የሚያልፍበትን መካከለኛውን ክፍል ከሸፈነ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ እየተቃጠለ ወደ ከሰል ይለወጥና የዘንጉን ተሸካሚዎች (ኩሽኔታዎቹን) ይበላል። የዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስን ከተርባይኑ የሚያሳልፈው በር) ዘንግም ሳይነካካ መንቀሳቀስ አለበት። ጃኬት የለበሰ ቱርቦ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከከባድ ጉዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆዩት። ወደ ቱርቦው የሚሄደውና የሚመለሰው የዘይት ቱቦ ጥቂት እንኳ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ እርሱ ሳይደርቅ ጃኬቱንም ፋሻውንም አይግጠሙ። ዘይት የጠጣ መሸፈኛ እሳት ነው፤ ቅድም ብዬዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

የተሰባበረውን የሽቦ ሽፋን ቀይረው ጨረር በሚመልስ እጅጌ ያልብሱት። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ተሰንጥቆ እንደሆነ ይፈትሹ፣ ዘይቱንም ይቀይሩ፤ ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ በ230 ዲግሪ ቢፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል። የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ በዋሸራ ከፍ አድርገው ሙቀቱን ለማስወጣት የሚመክሩዎትን አይስሙ፦ መኪናው ሲሄድ በመስተዋቱ ግርጌ የአየር ግፊት ከፍ ስለሚል አየሩ ከመውጣት ይልቅ ሊገባ ይችላል። ይልቅስ የራዲያተሩ ቬንቲሌተር በሚገባ መሥራቱንና የሥረኛው ሽፋን በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ።

ሥራው ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ጉዞ ከአዲሱ ፋሻ ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የጭረቱ ማጣበቂያ እየተቃጠለ ነው። ጭሱ ሰማያዊና የዘይት ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ካላቆመ፣ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ያጥፉ። እሳት ማጥፊያ በእጅዎ ይኑር። ከሳምንት በኋላ በቀዘቀዘ ሞተር ፋሻውንና ጃኬቱን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ላይ ዘይት ከታየ ያውልቁና ምንጩን ካገኙ በኋላ በአዲስ ይተኩት፣ አጥበው አይመልሱት።