ለሞተር ክፍል ገመዶች የተሸረበ ሽፋን፦ አመራረጡና አገባቡ

ወንድማችን የናፍጣ ሚኒባሳቸው ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው የገመድ ጥቅል በአንድ በኩል ከብረት ጋር እየተፋተገ መላጡን ገልጸዋል። ከባትሪ ወደ ኋላ ከሚዘረጉት አዲስ መስመር ጋር ሁሉንም በተሸረበ ሽፋን ማልበስ ስለሚፈልጉም የትኛውን ዓይነት፣ በምን ልክ እንደሚገዙ፣ እንዲሁም ሶኬቶቹን ሳይቆርጡ እንዴት እንደሚያስገቡት ጠይቀዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ በምሠራባቸው ዓመታት ደጋግሞ ያጋጠመኝ ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር እመልሳለሁ።

ሽፋኑን ከመግዛትዎ አስቀድመው ገመዱን የጎዳው ምን እንደሆነ ቀርበው ይዩት። መፋተግ ከሆነ ከብረቱ ጋር የሚገናኘው ጎን ብቻ ይሳሳል፤ የናስትሮው ሙጫ ከአቧራና ከዘይት ጋር ተቦክቶ ጠቁሮ ይገኛል፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ደግሞ ከሥሩ የተወለወለ መዳብ ብልጭ ይላል፤ የዚያው ሽቦ ሌላኛው ጎን ግን ምንም አልሆነም። ጉዳቱ ከሙቀት ከሆነ ፕላስቲኩ ዙሪያውን ይደርቅና ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። አይጥ ከሆነች ደግሞ የጥርሷ ምልክት በግልጽ ይታያል። የተሸረበ ሽፋን በሚገባ የሚከላከለው መፋተግን ነው። ተራው የፕላስቲክ ሽርብ አይጥን አያቆምም፣ ውኃ ያስገባል፣ ለጭስ ማውጫ ሙቀትም አልተሠራም። ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት የእርስዎ ችግር መፋተግ ስለሆነ ሐሳብዎ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሥራ ገመዱን ከብረቱ ማራቅ ነው። ሞተር በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ሲነሣና ሲጠፋ ደግሞ ይበልጥ ስለሚናጥ፣ መኪናው ቆሞ ሲታይ ክፍተት ያለው የሚመስል ገመድ በጉዞ ላይ ከብረት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጥቅሉን ውስጡ ጎማ በለበሰ የብረት ማቀፊያ በየ20 ወይም በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ያጥብቁት፤ ከመኪናው አካል ወደ ሞተሩ በሚሻገርበት ቦታ ላይ ግን ለውዝዋዜው የሚበቃ ልል ገመድ ይተዉለት። ይህ ሳይሠራ የሚለበስ ሽፋን መላጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለእርስዎ የምመርጠው ከፖሊስተር ክር የተሸረበውንና የሚለጠጠውን ዓይነት ነው። ክሩ የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ የሚወጣ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አምራቾች እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለሚደርስ የዘወትር ሙቀት ይፈቅዱታል፤ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ናፍጣና የሞተር ዘይት አይጎዱትም፤ ቀዳዳው የገባውን ውኃ ስለሚያስወጣና አየር ስለሚያሳልፍም ገመዱ ሲርስ ቶሎ ይደርቃል። የናይለን ሽርብ መፋተግን በመቋቋም ይበልጠዋል፤ በእኔ አመለካከት ግን የሚያስፈልገው ገመዱ ሁልጊዜ በሚተጣጠፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ በር በሚሻገር መስመር ላይ ነው። ከመዳብ የተሸረበው የሴንሰር ገመዶችን ከኤሌክትሪክ ረብሻ ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ ከሻሲ ጋር በአግባቡ ካልተገናኘ ለዚያም አይጠቅምም። በባትሪው ፖዘቲቭ ገመድ ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት የብረት ሽርብ እንዳያለብሱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የውስጡ ፕላስቲክ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ሽፋኑ ራሱ ሾርት ያደርጋል።

ከሶማሌ ተራም ይግዙ ከውጭ ያስመጡ፣ አስቀድመው ትንሽ ቁራጭ ወስደው ደጅ ላይ በክብሪት ይሞክሩት። እሳት መከላከያ የተጨመረበት ክብሪቱ ሲነሣ ወዲያው ይጠፋል፤ መንደዱን የሚቀጥለውን ሞተር አጠገብ አያስገቡት። በቀለም በኩል ጥቁሩ ፀሐይን በተሻለ ይቋቋማል፤ ብርቱካናማውን ግን ይተዉት። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይህ ቀለም የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ምልክት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በጋራዦቻችን እየበዙ ስለሆነ፣ በ12 ቮልት መስመር ላይ ብርቱካናማ ማልበስ ነገ ሌላውን ሠራተኛ ያሳስታል።

ወደ ልኩ ስንመጣ፣ ሽርቡ የሚሸጥበት ቁጥር ሳይለጠጥ ያለውን ስፋት የሚያሳይ ነው፤ ሲሰበሰብ ይሰፋል፣ ሲጎተት ይጠባል። የጥቅልዎን ስፋት ለማወቅ ክር ዙሪያውን ጠምጥመው ርዝመቱን ለ3.14 ያካፍሉት፤ ዙሪያው 38 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 12 ያህል ነው። ገመዱ ገና ያልተዘረጋ ከሆነ ደግሞ እኩል ውፍረት ያላቸው 7 ሽቦዎች ተጠጋግተው ሲታሰሩ የአንዱን ሦስት እጥፍ ስፋት እንደሚይዙ ያስታውሱ፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሆኑ 9 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሻጩን ሽርቡ ከስንት እስከ ስንት እንደሚይዝ ጠይቀው የእርስዎ ልክ በመካከሉ የሚያርፍበትን ይምረጡ። እስከ መጨረሻው የተለጠጠ ሽርብ ዓይኖቹ ስለሚከፈቱ ብረቱ በክሮቹ መካከል ገብቶ ገመዱን ያገኘዋል፤ የሰፋው ደግሞ በገመዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ፣ በመካከሉ የገባውን አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት ይጠቀምበታል። ከሁለቱ የባሰው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና መስሎ ውስጡን የሚበላ ነውና።

ሶኬቶቹን በተመለከተ፣ ነባሩን ጥቅል ለማልበስ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀውንና ራሱ ተጠቅልሎ የሚዘጋውን ሽርብ ይግዙ። ምንም ሳይነቅሉ ከጎን ያለብሱታል፤ ሁለቱ ጠርዞች ቢያንስ የዙሪያውን አንድ አራተኛ ያህል መደራረብ አለባቸው፤ መክፈቻው ብረቱን ሳይሆን ሌላውን አቅጣጫ ይይ። ፒኖቹን፣ ማለትም በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉትን ብረቶች፣ ከሶኬቱ ነቅሎ ክቡን፣ ማለትም ያልተሰነጠቀውን ሽርብ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለምና ቦታ አስቀድመው ፎቶ ካላነሡ፣ ለሶኬቱ የሚስማማ መንቀያም ከሌለዎት ፒኑን የሚይዘውን ምላስ ይሰብሩታል። ለአሮጌ ሶኬት ይህን መንገድ አልመክርም።

ለአዲሱ መስመር ግን ክቡ ይሻላል። የሽቦዎቹን ጫፎች ሾጠጥ አድርገው በናስትሮ ይጠቅልሏቸውና አንድ ላይ ያስገቧቸው፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ጫፍ በሽርቡ ዓይን ውስጥ እየገባ ያስቸግርዎታል። ሽርቡን መጎተት ያጠበዋል፤ ስለዚህ አንዱን እጅዎን ከፊት አድርገው ሌላው ከኋላ እየገፋ ይሰብስቡት፣ ሲሰፋ ገመዱን ያሳልፉ፣ ከዚያ ያስተካክሉት። ሲሰፋ ስለሚያጥር ከገመዱ ርዝመት ከ10 እስከ 20 በመቶ ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ገመዱን ካለበስኩና ከአንዱ ጫፍ ካሰርኩ በኋላ ነው ሽርቡን ከጥቅልሉ ላይ የምቆርጠው።

የሽፋኑን ዕድሜ የሚወስኑት ጫፎቹ ስለሆኑ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያውሉት። ተራውን ሽርብ በመቀስ ብቻ ሲቆርጡት ክሮቹ ወዲያው ይፈታሉ፤ አንዴ መፈታት ከጀመረ ደግሞ በእያንዳንዱ ንዝረት ወደ ኋላ ይሸሻል። በጋለ ቢላ ሲቆረጥ ክሮቹ እርስ በርስ ቀልጠው ይያያዛሉ። የኤሌክትሪክ ቢላ ከሌለ አሮጌ ቢላ አግለው፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ጢሱን ሳይተነፍሱ መቁረጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከሽርቡ ጫፍ ሥር በጨርቅ ናስትሮ ሁለት ዙር ይጠምጥሙ፤ ፕላስቲኩ ናስትሮ በሞተር ሙቀት ሙጫው ስለሚፈስ እዚህ አያገለግልም። በላዩ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ ሂት ሽሪንክ የሚባለውን፣ ሲሞቅ ወደ አንድ ሦስተኛው የሚጠብ የፕላስቲክ ቱቦ ያሳልፉ፤ ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ግማሹ በሽርቡ ላይ፣ ግማሹ በባዶው ገመድ ላይ ይረፍ። የሂት ሽሪንኩን ቁራጮች ሶኬቱ ከመገጠሙ በፊት በገመዱ ላይ ማስገባት አይርሱ። የሚሞቀው በሙቅ አየር መንፊያ ነው፤ መንፊያውን እያንቀሳቀሱ ሙጫው በጠርዙ በኩል ትንሽ ብቅ እስኪል ያሙቁት። የላይተር ነበልባል ሽርቡን ስለሚያቀልጠው አይጠቀሙበት። ኬብል ታይ የሚባለው ባለ ጥርስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻውን ጫፉን ይይዛል፤ ሆኖም ጥርሱ ከጊዜ በኋላ ሽቦው ላይ ስለሚጫን ለጊዜያዊ ማሰሪያነት ብቻ አስቀረዋለሁ።

ጥቅሉ በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ፖሊስተሩ አይሆንም። ከተቻለ መስመሩን ያርቁት፤ ካልተቻለ ሲሊኮን የተቀባ የፋይበር ግላስ ሽርብ ይጠቀሙ፤ ሲቆርጡትም ብናኙ ቆዳንና ሳንባን ስለሚቆጣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ። የሽፋኑ የሙቀት ደረጃ ከፍ ማለቱ የሽቦውን ደረጃ ከፍ እንደማያደርገው ግን ልብ ይበሉ። የመኪና ተራ ሽቦ ፕላስቲክ የሚችለው እንደ ዓይነቱ ከ80 እስከ 105 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የማያቋርጥ ሙቀት ደግሞ ቀስ በቀስ በየትኛውም ሽፋን ውስጥ ዘልቆ ይገባል።

ወደ ኋላ የሚሄደውን መስመር በወለሉ ሥር ከመውሰድ በመኪናው ውስጥ፣ ከምንጣፉ በታች በጠርዙ በኩል ማሳለፍ ይሻላል፤ በታች በኩል የክረምት ጭቃ በሽርቡ ዓይኖች ገብቶ ሲደርቅ ራሱ ገመዱን መላጥ ይጀምራል። ግድ በታች መሄድ ካለበት ሸንተረር ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ያልብሱትና ውኃ የሚወርድበት ክፍት በታች በኩል ይተዉለት። ላሜራ በሚበሱበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስገቡ፤ የላሜራ ስለት የትኛውንም ሽርብ ይቆርጣል። ለባትሪው በተቻለ መጠን ቅርብ በሆነ ቦታ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ሳይገባ መስመሩን አያገናኙ።

ከተገጠመ ከአንድ ወር ያህል በኋላ ኮፈኑን ከፍተው በብርሃን ይዩት፤ ሽርቡ በአንድ ጎን አንጸባርቆ ወይም ሳስቶ ካገኙት ሁለተኛ ሽፋን አይደርቡበት፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ማቀፊያ ፈትተው ያዛውሩት።