ሳይክሌን የገጨው ኢሱዙ ባለቤት «ከሹፌሩ ጋር ጨርስ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት። የምኖረው ኮዬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ቱሉ ዲምቱ አንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ብየዳ እሰራለሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ስላማረረኝ ሳይክል ገዝቼ በሱ ነው የምመላለሰው። የዛሬ ወር ገደማ ሊመሽ ሲል አለቃዬ ኤሌክትሮድ አልቋል ሮጥ ብለህ አምጣ ብሎኝ ስወጣ ብሎኬት የጫነ ኢሱዙ ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩ እውነት ለመናገር ጥሩ ልጅ ነው፣ ራሱ አንስቶ ሃኪም ቤት አደረሰኝ፣ የካርድና የራጅም ከፈለ። ትራፊክ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) አንስቷል። ባለቤቱ ግን ስደውልለት እኔ አልነዳሁ ከሹፌሩ ጋር ጨርስ ይለኛል፣ ሹፌሩ ደሞ ምንም የለውም። አሁን ሽማግሌ ልከው 30 ሺህ ብር እንስጥህና ከዚህ በኋላ አልጠይቅም ብለህ ፈርም እያሉኝ ነው፣ ለእሁድ ቀጠሮ ይዘዋል። እናቴ ፈርምና ይውጣልህ ትላለች። ሳይክሌ ላይ መብራት አልነበረም፣ እሱም ያስፈራኛል። ምን ላድርግ? (ወ. ከኮዬ)

መልስ፦ ወንድሜ እግዜር ይማርህ። ከሁሉ በፊት እሁድ እንዳትፈርም። ሽማግሌዎቹን ተቀበላቸው፣ ቡና ይፈላ፣ ይቅርታውንም ተቀበል፣ ሹፌሩ አንስቶ ሃኪም ቤት ማድረሱ ትልቅ ነገር ነው ጥሎህ የሚሄድ ስንት አለ፣ ግን ስለ ብሩ «ጀሶው ይፈታ፣ ሃኪም የመጨረሻውን ይበል ያኔ እንነጋገር» በላቸው። በሕጋችን የእርቅ ስምምነት ቀላል ወረቀት አይደለም፣ የፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጥረው። ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የእህቴ ልጅ እንዳንተ ተገጭቶ በሦስተኛው ሳምንት ፈረመ፣ በአራተኛው ወር አጥንቱ አልገጠመም ተብሎ ብረት ይግባለት ተባለ። ወረቀቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፣ ከደብተር የተቀደደ አንድ ሉክ ነው፣ ሦስት ሽማግሌ ፈርመውበታል፣ ከታች ጠበብ ተደርጋ «ወደፊት ለሚመጣው ለማንኛውም ነገር አልጠይቅም» የምትል መስመር አለች። ቀዶ ጥገናውን ቤተሰብ አዋጥቶ አስደረገለት። ያቺ መስመር እስከዛሬ ታንገበግበኛለች፣ ስለዚህ ነው ገና ሳልጀምር እንዳትፈርም ያልኩህ።

ወደ ባለቤቱ ልምጣ። «እኔ አልነዳሁ» የሚለው ነገር አያስጥለውም። የ1952ቱ ፍትሐብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳን። እዚህ ላይ የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብህም፣ መኪናው የሱ መሆኑና አንተን መጉዳቱ ይበቃል። ሹፌሩም በራሱ ጥፋት ይጠየቃል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መክሰስ ትችላለህ፣ ግን ብሩ ያለው ሊብሬው በስሙ የሆነው ሰውዬ ጋ ነው። ከትራፊክ ፖሊስ የታርጋ ቁጥሩንና የባለቤቱን ስም ያዝ።

ደሞ ኢንሹራንሱ አለ፣ ይሄን ማንም አልነገረህም መሰለኝ። መንገድ ላይ የሚወጣ መኪና ሁሉ በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት፣ የፊት መስታወቱ ላይ የምትለጠፈዋ ስቲከር እሷ ናት። ሳይክል ነጂ ሦስተኛ ወገን ነው፣ አንተ ራስህ ኢንሹራንስ ባይኖርህም የሚከፍልህ የኢሱዙው ኢንሹራንስ ነው። የኩባንያው ስም የትራፊኩ ሪፖርት ላይ ይኖራል፣ ሪፖርቱንና የሃኪም ማስረጃህን ይዘህ ወይ ሰው ልከህ ካሳ ጠይቅ። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ደሞ 100 ሺህ ነበር፣ ስለዚህ ሳይክልህም በንብረት ይገባል ማለት ነው። መጠኑ ስለሚሻሻል አንተ የምትጠይቀው አደጋው በደረሰብህ ቀን ይሰራ የነበረውን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ኢንሹራንሱ ጣሪያው ድረስ ከከፈለ አለቀ ይላል። አላለቀም። ጉዳትህ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ቀሪውን ባለቤቱ በ2081 ይከፍላል።

ምን ያህል ነው የምትጠይቀው? ሕጉ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ነው ይላል፣ ግምት ሳይሆን ሂሳብ ነው። የመድኃኒት፣ የራጅ፣ ሃኪም ቤት የተመላለስክበት የራይድም የኮንትራት ባጃጅም፣ የቀረብህ ደሞዝ፣ ወደፊት የሚቀርብህም ጭምር። ብየዳ ቁጭ ብድግ የሚል ስራ ነው፣ እግርህ ላይ ቋሚ ጉዳት ከቀረ በመቶኛ ስንት እንደሆነ የሕክምና ቦርድ ይጽፍልሃል፣ ዳኛው ከዛች ቁጥር ተነስቶ ነው የሚያሰላልህ፣ ለዛም ነው ጀሶው ሳይፈታ አትዋዋል የምልህ፣ ቁጥሯ ገና አልተወለደችምና። የሚያናድደኝ የሞራል ካሳው ነው። ቁጥር 2116 የሞራል ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ አስሮታል፣ ያኔ በ1952 ትልቅ ብር ነበር፣ ዛሬ ሌሊት ሙሉ ያቃሰተ ሰው በ1000 ብር ህመሙ ተካሰ ማለት ይከብደኛል፣ መሻሻል ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ ጉልበትህን ደረሰኝ ላይና ደሞዝ ላይ አድርገው።

መብራቱን አትደብቅ። ባለቤቱ ተጎጂውም ጥፋት አለበት ብሎ ካስረዳ ካሳው በጥፋትህ ልክ ይቀነሳል፣ ግን መቀነስ ሌላ መቅረት ሌላ። ገና ብርሃን ነበር ወይስ ጨልሞ ነበር? ከኋላ ነው የመጣብህ፣ ፕላኑ ላይ ቀኝ ጠርዝ ይዘህ እንደነበር ታይቷል? ፕላኑን ኮፒ አስደርግና አንብበው፣ ያልተስማማህበት ነገር ካለ ቶሎ ለፖሊሱ ተናገር። ሳይክሉንም እንዳታሰራው፣ የታጠፈ ቸርኬ ከኋላ መገጨትህን ከማንም ምስክር በላይ ይናገራል። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሳውና አልጋ ስር ይቀመጥ።

አሁን ደሞ አንተ በጎን ያለፍካት፣ እኔ ግን ሁለቴ ያነበብኳት ነገር አለች። አለቃህ ኤሌክትሮድ አምጣ ብሎህ ነው የወጣኸው። ወደ ቤትህ በራስህ ሳይክል ስትሄድ ብትገጭ ሌላ ነበር፣ በአሠሪ ትዕዛዝ ለሥራ ወጥተህ ከሆነ ግን ይሄ የሥራ ላይ አደጋ ነው። በአዋጅ 1156/2011 አሠሪህ እሱ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፣ የሕክምና ወጪህን ይሸፍናል፣ ከሥራ ውጭ በሆንክበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዛ በኋላ ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። የተጻፈ ውል የለኝም ካልክ ውል በቃልም ውል ነው፣ አብረውህ የሚሰሩ ልጆች ይመሰክራሉ። አንዱን ጉዳት ሁለት ቦታ ሙሉ በሙሉ አትካስበትም፣ ግን የኢሱዙው ሰውዬ ነገሩን እየጎተተ እናትህ አስቤዛ ስታጣ ይሄ በር ክፍት ነው። አለቃህን በደንብ አናግረው፣ ብዙ አለቃ ሕጉን ስለማያውቅ እንጂ ክፉ ስለሆነ አይደለም።

ስለ ፍርድ ቤት ባጭሩ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)፣ ድርጊቱ ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደቡ) ከሁለት ዓመት የሚረዝም ከሆነ በሱ ይሄዳል፣ አንተ ግን ሁለቱን ብለህ ያዝ። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳን የካሳ ጥያቄህ አይዘጋም። የዳኝነት የሚከፈል ከሌለህ በደሃ ደንብ ክሰስ፣ አቅም እንደሌለህ አስረድተህ ሳትከፍል ፋይል ይከፈትልሃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አደጋው ገላን በኩል ከሆነ የደረሰው ሪፖርቱ የሸገር ከተማ ትራፊክ ጋ ነው ያለው፣ አዲስ አበባ ፖሊስ ጋ ሄደህ እንዳትንከራተት። ክሱን ግን ወይ አደጋው የደረሰበት ወይ ተከሳሹ የሚኖርበት ቦታ፣ ላንተ የሚቀርብህን መምረጥ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ የካ አባዶ ነኝ። የ14 ዓመት ልጄን በሳይክል እየሄደች ባጃጅ ገጭቷት አመለጠ፣ ታርጋውን ማንም አላየም። እጇ ተሰብሯል። ማንን ልጠይቅ? (እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህም ሕጉ ቦታ አለው። ገጭቶ ላመለጠና ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና የመድን ፈንድ የሚባል አለ፣ አሁን የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ስር ነው። የሚከፍለው ለአካል ጉዳትና ለሞት ነው፣ ለሳይክሉ አይደለም። የሚፈልገው ዋናው ነገር የፖሊስ ሪፖርት ነው፣ ገጪው እንዳልታወቀ የሚገልጽ፣ ስለዚህ ሳታመለክቺ ከቀረሽ ዛሬውኑ ሂጂ። ለወደፊቱም እወቂው፣ በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው ማንም ጤና ተቋም መጀመሪያ ብር አምጪ ብሎ ከድንገተኛ ሕክምና መመለስ አይችልም። ደሞ ልጅሽ የወደቀችበት ጋ ሱቅ ካለና ካሜራ ከሰቀለ አሁኑኑ ሄደሽ ባለሱቁን ለምኚው፣ እነዚህ ካሜራዎች ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚይዙት፣ ከዛ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል።