በ1984 የወደቀው ልዕለ ኃያል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። አባታችን ቡና ነጋዴ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን እንዲማር ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሞ፣ አሁን እሱ «አልሄድም» ብሎ ቁጭ አለ። ምክንያቱ ልብ ወለድ ነው። መጪውን ዘመን አጨልመው የሚያሳዩ የሳይንስ ልብ ወለዶችን ሌት ተቀን ያነባል። ኦክታቪያ በትለር የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ካሊፎርኒያ ስትቃጠል፣ «አሜሪካን ዳግም ታላቅ እናድርግ» የሚል ፖለቲከኛ ሲነሣ አስቀድማ አይታለች ይላል። «እየፈረሰ ያለ ቤት ውስጥ ግባ ትሉኛላችሁ?» ይለናል። አባቴ ተቆጥቷል፤ እናቴ ታለቅሳለች። እርስዎ ራሺያ የተማሩ፣ መጽሐፍም ከእጅዎ የማይለይ ስለሆኑ ልጠይቅዎ፦ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ የአንድን ኃያል አገር ውድቀት በእርግጥ አስቀድሞ ያያል?
ታላቅ እኅት

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትሽን አረጋጊልኝ። በመጽሐፍ ተነሥቶ የሕይወቱን ውሳኔ የሚያመዛዝን ልጅ አያስቆጣም። ስሕተቱ መጽሐፉን እንደ ንግርት መቀበሉ ላይ ነው። እነዚህ ደራሲዎች ነገን አላዩም። ያዩት የራሳቸውን ዘመን ነው፤ ሌላው ሰው ገረፍ አድርጎ ያለፈውን እነሱ አፍጥጠው አዩት።

ይህን የምለው ኖሬበት ነው። ዲፕሎማዬ የተሰጠበት ከተማ ሌኒንግራድ ይባላል። ዛሬ ካርታ ላይ ብትፈልጊው አታገኚውም፤ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኗል። ማኅተሙ ላይ ያለው አገር፣ ሶቪየት ኅብረትም፣ የለም። መስከረም 1977 ሄጄ ኬሚስትሪ ተምሬ ሐምሌ 1982 ተመለስኩ። ስድስት ዓመት ያህል እየሞተ ባለ ኃያል አገር ውስጥ ስኖር፣ እንደሚሞት ግን አንዳችንም አላወቅንም።

የመኝታ ሕንጻችንን በር የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሻይ ሲጠጡ ስኳሩን ብርጭቆው ውስጥ አያሟሙም፤ ቁራሹን በጥርሳቸው ነክሰው ትኩሱን ሻይ በላዩ ያሳልፉታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጎርባቾቭ ሥልጣን እንደያዙ በመጠጥ ላይ ዘመቻ ተከፈተ። የቮድካ ምርት ተቀነሰ፣ ዋጋው ተሰቀለ፣ የወይን ተክል ሳይቀር ተነቀለ። ሕዝቡ ግን መጠጡን አልተወም፤ አረቄውን በየቤቱ ማውጣት ጀመረ። አረቄ ደግሞ ስኳር ይበላል። ስኳር ከየሱቁ ጠፋ፤ ውሎ አድሮ በኩፖን ሆነ። እኔ የቀበሌ ኩፖን የማውቅ ስለነበርኩ ብዙም አልደነቀኝም። አሮጊቷ ግን ኩፖኑን የተቀበሉ ዕለት ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ሲያቃኑት አየኋቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተማዋ 872 ቀን ስትከበብ እዚያው ነበሩ፤ የብዙው ሰው የቀን ዳቦ 125 ግራም በሆነበት የበረዶ ወራት እናታቸውን ቀብረዋል። ቀና ብለው አዩኝና «እንደገና?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሰው ወደ ጠፈር የሚልክ አገር ለአንዲት አሮጊት ሻይ የሚሆን ስኳር አቃተው። የትኛው የሳይንስ ልብ ወለድ ይህን አየ? እኔ ሌኒንግራድ የገባሁት በፈረንጆቹ 1984 ነው። በዚያው ዓመት ዊሊያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር»ን አሳተመ። ኢንተርኔት ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የተሳሰሩበትን ዓለም እጅግ በሚያስደንቅ ሁኔታ ሣለው፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ግን ሶቪየት ኅብረት አለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ «2010» የተባለው ፊልም ወጣ፤ እዚያም በ2010 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እንደተፋጠጡ ናቸው። ሊፈርስ ሰባት ዓመት የቀረውን አገር ነው እንግዲህ ወደ ሌላ ክፍለ ዘመን ያሻገሩት። የአሜሪካንም ነገር እንዲሁ ስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ብሌድ ራነር» የ2019ን ሎስ አንጀለስ ሲያሳይ የፓን አም አየር መንገድ ማስታወቂያ ፎቅ ላይ ያበራል። ፓን አም የተዘጋው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1991፣ ሶቪየት ኅብረት በፈረሰችበት ወር ነው።

የዚህ ዓይነቱን ልብ ወለድ የጀመሩት ሰዎች ደግሞ የፈሩት ኃያሉ እንዳይወድቅ አልነበረም። ጨርሶ አይወድቅም ብለው ነው የፈሩት። ሩሲያዊው ዛምያቲን እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 በጻፈው «እኛ» በተባለው ልብ ወለድ አንድ መንግሥት ሰውን በቁጥር እየጠራ ዘመናት ይገዛል። መጽሐፉ በአገሩ ሳይታተም እስከ 1988 ቆየ። ኦርዌልም እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው «1984» ዓለምን ለሦስት ኃያላን አከፋፍሎ፣ ሦስቱም እየተዋጉ ማንም ማንንም ሳይጥል እንዲኖሩ አደረገ። በዚያ መጽሐፍ የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል፤ በማግሥቱ ሕዝቡ ራሽኑ «ወደ 20 ከፍ አለ» ተብሎ ሲነገረው ያመሰግናል። ይህን ያነበብኩት ጅማ ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ገጹ ላይ ስደርስ አሮጊቷ ፊቴ ድቅን አሉ። ነገር ግን ኦርዌል ራሽኑን ያገኘው ከትንቢት አይደለም። በሚጽፍበት ጊዜ የገዛ አገሩ እንግሊዝ ምግብ በራሽን ታድል ነበር፤ እስከ 1954ም ቀጥላለች።

አንቺስ የምትኖሪበት ሰፈር? ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ግንብ ሲገነባ ለዘላለም የሚቀመጥ መስሎት ነበር። አምስት ዓመት ቆየ። ግንቡ ዛሬም አለ።

አሁን ወንድምሽን ይበልጥ የሚያስደነግጠውን ልንገርሽ። አንድሬ አማልሪክ የሚባል ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 «ሶቪየት ኅብረት እስከ 1984 ትኖራለች ወይ?» የሚል ድርሰት ጻፈ። መጀመሪያ ያሰበው 1980ን ነበር፤ ኦርዌልን ያስታወሰ ወዳጁ ነው 1984 ያሰኘው። ለድፍረቱ ታሰረ፣ ተጋዘ፣ ከአገሩ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ውድቀቱን አላየም። ሶቪየት ኅብረት በይፋ የፈረሰችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1991 ነው። እስቲ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሺው። ታኅሣሥ 16 ቀን 1984!

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ «መምህር፣ ሰውየው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አያውቅም። ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ነው። አገሪቱ ከቻይና ጋር በምታደርገው ጦርነት ትፈርሳለች ብሎ ነበር፤ ጦርነቱ አልመጣም። ትክክል ያየው ሌላ ነገር ነው፦ ሹማምንቱ ከወንበራቸው በቀር የሚያሳስባቸው እንደሌለ፣ በአንድ ባንዲራ ሥር የታሰሩት ሕዝቦች ማሰሪያው ሲላላ በየፊናቸው እንደሚሄዱ። እነዚህን በ1969 ዙሪያውን አይቶ ነው የጻፋቸው። እኛ ግን የምናስታውሰው 1984ን ነው። በየዓመቱ ስንት ትንቢት ይጻፋል፣ ስንቱስ ይስታል! የሳተው ይረሳል፤ የገጠመው ከአፍ አፍ ይዞራል። በዚያ ላይ እኛ ሁለት አቆጣጠር አለን።

ከሁሉም ቀርቦ ያየው ልብ ወለድ የሚባል ነገር ያልጻፈ ወጣት ነው። ኤማኑኤል ቶድ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ25 ዓመቱ፣ ሶቪየት ኅብረት ትወድቃለች የሚል መጽሐፍ አወጣ። ይዞት የተነሣው አንድ ነገር ነበር፦ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር። ለዓመታት ሲወርድ የኖረው ቁጥር ሽቅብ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ መንግሥት ቁጥሩን ማሳተም አቆመ። ቶድ ከቁጥሩም ከዝምታውም ተረዳ። የኛ ሰው ምስጥ የበላውን ምሰሶ አንኳኩቶ በድምፁ እንደሚለየው ማለት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ንግርት ምንም ኃይል የለውም እንዳልል ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይከለክለኛል። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል አለ፤ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። መጽሐፉ ንጉሡን አስቀድሞ አላየም፤ ንጉሡ መጽሐፉ ውስጥ ገቡበት። ሰው ያነበበውን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ወንድምሽ የምሠጋውም ለዚህ ነው።

ወደ በትለር እንምጣ። «የዘሪው ምሳሌ» እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ፤ ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 ነው። ያ መፈክር ያለው በ1998 በወጣው በተከታዩ፣ «የመክሊቱ ምሳሌ» ውስጥ ነው። ነገር ግን ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1980 የምርጫ ዘመቻቸው ያንኑ መፈክር ብለውታል። ደራሲዋ ከኋላዋ ያነሣችውን እኛ ከፊታችን ስናገኘው ተደነቅን። ጋዜጣ እየቆረጠች ታስቀምጥ የነበረች ሴት ናት። የሠራችውም በዘመኗ ችላ የተባሉ ችግሮችን ወስዳ ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲያድጉ መልቀቅ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። እኔ ከነቢይ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰው አከብራለሁ። ነቢይን ሰው ይሰማና ይቀመጣል፤ እሷ ግን ገና በእጃችሁ ነው፣ ችላ አትበሉ ማለቷ ነው። ደግሞም በመጽሐፎቿ ውስጥ ወጣቷ ዓለሟ ሲፈርስ ተቀምጣ አታይም፤ ዘር ይዛ መንገድ ትወጣለች። ወንድምሽ ይህን ክፍል ዘልሎት ይሆን?

አሜሪካ ትወድቃለች ወይስ አትወድቅም ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ኃያል ሁሉ አንድ ቀን ይደክማል፤ ዓመቱን የሚነግርሽን ሰው ግን አትመኚ። ይልቅስ የኃያላን ነገር ጅማ የሚደርሰው በምን እንደሆነ አባትሽን ጠይቂው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ሲፈረም አሜሪካ የገባችበት አንዱ ምክንያት፣ የላቲን አሜሪካ ገበሬ ዋጋ ወድቆበት እንደ ኩባ ወደ ኮሚኒስት እንዳይዞር ነበር። ስምምነቱ እያንዳንዱ አገር ወደ ውጭ የሚልከውን ቡና በኮታ ወስኖ ዋጋውን ይደግፍ ነበር። ያ ፍርሃት ሲበርድ ለኮታው የሚሟገት ጠፋ፤ በእኛ 1981 ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮታው ቀረ፣ የዓለም የቡና ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ። የበርሊን ግንብ ገና አልፈረሰም ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ለቡና አገር ቀድሞ የደረሰው በኪሎ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ ሊቆጠር የሚችለውን ይቁጠር። የትምህርቱ ክፍያ በየዓመቱ ስንት ጨመረ? ቪዛ ስንቱ ይሰጠዋል፣ ስንቱ ይከለከላል? በዚያ ሙያ ተመርቆ ሥራ ያገኘ የአገሩን ልጅ ያውቃል? ይህን ሁሉ አይቶ «አልሄድም» ካለ እኔም ከጎኑ ቆሜ አባትሽን እለምናለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። የበትለርን ሁለት መጻሕፍትና እርሳስ ይዞ ይምጣ። አብረን እያነበብን፣ እሱ «አየችው» ባለው ቦታ ሁሉ ጠርዙ ላይ ያ ነገር ከመጻፉ በፊት የት እንደነበረ እንጽፋለን። ዲፕሎማዬንም አወጣለታለሁ፤ የከተማውን ስም በዓይኑ እንዲያይ።